አንድ ምስክር ብቻ፦ «የአንደኛ ደረጃ ምልክቶች» በሥነ አእምሮ በሽታ ልየታ ሲመዘኑ

መግቢያ

በሌሎች የሕክምና ዘርፎች አንድ ግኝት ብቻውን ጉዳዩን የሚቋጭበት ጊዜ አለ። በአክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ከታየ ክርክሩ በአመዛኙ ያበቃል። በሥነ አእምሮ ሕክምና ግን ይህን የመሰለ ላቦራቶሪ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስኪዞፍሬኒያን፣ ባይፖላርን ወይም ድብርትን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም፤ የራጅ ፊልምም የለም። ባለሙያው በእጁ ያለው መሣሪያ የሕመምተኛው ቃል፣ የቤተሰቡ ምስክርነት፣ እንዲሁም የራሱ ዐይንና ጆሮ ነው። ስለዚህ የዘርፉ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን አንድ ምኞት ነበራቸው፦ ከምልክቶች ሁሉ መካከል በሽታውን ያለ ጥርጥር የሚያጋልጥ ምልክት ማግኘት።

ለዚህ ምኞት ከቀረቡት መልሶች መካከል የጀርመናዊው ሐኪም የኩርት ሽናይደር «የአንደኛ ደረጃ ምልክቶች» ዝርዝር በስፋቱም በዕድሜውም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ የዝርዝሩን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን፣ ከዚያም ዝርዝሩ ከዓለም አቀፍ መመሪያዎች ልዩ ሥልጣኑን ካጣ በኋላ እንኳ በዕለት ተዕለት አሠራራችን ውስጥ የቀረውን ጥላ ለመተቸት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዝርዝሩ ምንነትና ያስገኘው ጥቅም

ሽናይደር (1887–1967) ዝርዝሩን ያቀረበው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ይዘቱ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ሕመምተኛው የራሱን ሐሳብ በድምፅ ሲሰማ፤ ስለ እርሱ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ድምፆችን ሲሰማ፤ ድርጊቱን እየተከተለ የሚዘግብ ድምፅ ሲሰማ፤ ሐሳቡ እንደተነጠቀ፣ የሌላ ሐሳብ እንደተከተተበት ወይም ሐሳቡ ለሰው ሁሉ እንደተሰራጨ ሲያምን፤ ሰውነቱ፣ ስሜቱ፣ ፍላጎቱና ድርጊቱ በውጭ ኃይል እንደሚንቀሳቀሱ ሲሰማው፤ በመጨረሻም በገሃድ ያየው ተራ ነገር ድንገት ለእርሱ ብቻ የተላከ ልዩ መልእክት ሆኖ ሲታየው። ከእነዚህ አንዱ በግልጽ ከታየና አካላዊ በሽታ ካልተገኘ፣ እንደ ሽናይደር አስተያየት፣ ስኪዞፍሬኒያን ማሰብ ተገቢ ነው።

የዝርዝሩ ጥቅም ሊካድ አይገባም። ከእርሱ በፊት፣ በ1911 ኦይገን ብሎይለር ለበሽታው ስሙን የሰጠበትን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ መሠረታዊ ምልክቶች ተብለው የቀረቡት እንደ ስሜት መደንዘዝና ከዓለም መገለል ያሉ ነበሩ። እነዚህ ምልክቶች እውነትነት ቢኖራቸውም ድንበራቸው ግልጽ አልነበረም፤ አንዱ ሐኪም «ደንዝዟል» ያለውን ሌላው «ዝምተኛ ነው» ሊለው ይችላል። የሽናይደር ምልክቶች ግን ተጠይቀው የሚገለጹ፣ ተጽፈው የሚነበቡ ነበሩ። ሁለት ሐኪሞች አንድን ሕመምተኛ መርምረው ሊስማሙባቸው ይችላሉ።

ስምምነት ምን ያህል እንደጠፋ ያሳየው በ1972 ውጤቱ በመጽሐፍ የታተመው የአሜሪካና የብሪታንያ የጋራ ጥናት ነው። በኒውዮርክ ያሉ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም በለንደን ካሉት እጅግ አብዝተው ይጠቀሙ ነበር። የጥናቱ ባለሙያዎች በአንድ ዓይነት መጠይቅ ሕመምተኞቹን ሲመረምሩ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። የተለያዩት በዋናነት ሐኪሞቹ እንጂ ሕመምተኞቹ አልነበሩም። ምልክትን በጥንቃቄ የመግለጽ ልማድ ለዘርፉ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሽናይደር ዝርዝርም ለዚህ ልማድ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ምክር ሕግ ሲሆን

ችግሩ የጀመረው ምክሩ ወደ ሕግነት ሲለወጥ ነው። ሽናይደር ራሱ ዝርዝሩ ለልየታ የሚረዳ እንጂ የበሽታውን ባሕርይ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ እንዳልሆነ ገልጿል፤ ምልክቶቹ ሳይታዩም ስኪዞፍሬኒያ ሊኖር እንደሚችል አምኗል። ተከታዮቹ ግን ይህን ጥንቃቄ ወደ ጎን አደረጉ። የዓለም ጤና ድርጅት አይ.ሲ.ዲ-10 ተብሎ በሚታወቀው መመሪያው፣ ከእነዚህ ዓይነት ምልክቶች አንዱ ብቻ እጅግ ግልጽ ሆኖ ለአንድ ወር ከቆየ ለልየታው እንዲበቃ ፈቀደ። በ1994 የወጣው የአሜሪካው ዲ.ኤስ.ኤም-4ም ለወትሮው ሁለት ምልክት እየጠየቀ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ወይም ድርጊትን የሚዘግቡ ድምፆች ወይም ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነገርን የማመን ምልክት ከተገኘ አንዱን ብቻ በቂ አደረገ። በዚህ መንገድ አንድ ምስክር ለፍርድ በቃ።

በአንጻሩ ማስረጃው ቀደም ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክት ነበር። በ1973 ካርፔንተር፣ ስትራውስና ሙሌህ ያሳተሙት ጥናት፣ የአንደኛ ደረጃ ምልክቶች በዘመኑ አጠራር ማኒክ ዲፕሬሲቭ ከተባሉት ሕመምተኞች ሩብ ያህሉ ላይ እንደሚታዩ አሳየ። ከአራት አስርት ዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ የኮክሬን ተቋም ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ መዘነ። በዚህ ግምገማ ምልክቶቹ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚያገኙት 57 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሌለባቸውን በትክክል ነጻ የሚያወጡት ደግሞ 81 በመቶ ያህሉን ነው። ንጽጽሩ ከሌሎች የሳይኮሲስ ሕመሞች ጋር ብቻ ሲሆን ይህ ሁለተኛው ቁጥር ወደ 75 በመቶ ይወርዳል።

መመሪያዎቹም ተለውጠዋል። በ2013 የወጣው ዲ.ኤስ.ኤም-5 አንዱን ምልክት በቂ የሚያደርገውን አንቀጽ ሰርዞ ቢያንስ ሁለት ምልክቶች እንዲገኙ ደነገገ። በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አይ.ሲ.ዲ-11ም እንዲሁ ሁለት ምልክቶችን ይጠይቃል። በውጭ ኃይል የመንቀሳቀስ ስሜት ከዋና ምልክቶቹ መካከል ቦታውን ይዞ ቢቆይም፣ ብቻውን የመፍረድ መብቱን ግን አጥቷል።

ሂሳቡ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ

ከላይ የተጠቀሱት መቶኛዎች በወረቀት ላይ የሚያረኩ ሊመስሉ ይችላሉ። በሥራ ቦታ የሚኖራቸውን ትርጉም ለማየት ግን በምሳሌ ማስላት ይበጃል። በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል 100 የሳይኮሲስ ሕመምተኞች ተኝተዋል እንበል፤ ከእነርሱ 50ዎቹ በእርግጥ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ናቸው። የአንደኛ ደረጃ ምልክት ከ50ዎቹ 29 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ስኪዞፍሬኒያ ከሌለባቸው 50 ሰዎችም 13 ያህሉ ላይ ይገኛል። በምልክቱ ብቻ የሚፈርድ ሐኪም ለ42 ሰዎች ስሙን ይሰጣል፤ ከእነርሱ 13ቱ ያለ አግባብ የተሰየሙ ናቸው። ሌሎች 21 ሕመምተኞች ደግሞ ምልክቱ ስላልታየባቸው ሳይለዩ ይቀራሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንምጣ። በልዩ ልዩ የአእምሮ ችግር የመጡ 100 ሰዎች ቢኖሩና ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 10 ብቻ ቢሆኑ፣ ምልክቱ ከ10ሩ 6 ያህሉ ላይ፣ ከቀሩት 90 ደግሞ 17 ያህሉ ላይ ይገኛል። ምልክቱ ከታየባቸው 23 ሰዎች መካከል ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ከአራት አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ምልክቱ የሚታይበት መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህ ስሌት ለማብራሪያ ያህል እንጂ ትክክለኛ ትንበያ አይደለም። ቁም ነገሩ ግን አይለወጥም፦ ያው ምልክት በሪፈራል ሆስፒታል የሚኖረው ክብደት በጤና ጣቢያ የለውም። ትምህርቱን በሆስፒታል ተምሮ ሥራውን በጤና ጣቢያ የሚጀምር ባለሙያ ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ሊሰማራ ይችላል።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት የወረቀት ጉዳት ብቻ አይደለም። ባይፖላር ያለበት ወጣት በማኒያ ወቅት ድምፅ ስለሰማ ብቻ ስኪዞፍሬኒክ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሊቲየምን የመሰለ ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይሞከርለት ለዓመታት የፍሉፌናዚን መርፌ ሲወጋ ሊኖር ይችላል። የፊትና የምላስ ያለፈቃድ እንቅስቃሴ አንዴ ከመጣ ደግሞ መድኃኒቱ ቢቆምም ላይጠፋ ይችላል። በታይፎይድ፣ በወባ ወይም በማጅራት ገትር ኅሊናው የተዛባ ሕመምተኛ ሃሎፔሪዶል ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ከተመለሰ አደጋው የሕይወት ነው። ከ21ዱ ያልተለዩት መካከል ያለው፣ ድምፅ የማይሰማው ነገር ግን ከትምህርቱ፣ ከጓደኞቹና ከንጽሕናው ቀስ በቀስ የራቀ ወጣት ደግሞ «ሰነፈ» ተብሎ ሕክምና ሳያገኝ ይከርማል።

ጥያቄው በአማርኛ ሲቀርብ

የሽናይደር ምልክቶች በጀርመንኛ ተጽፈው በእንግሊዝኛ ወደ እኛ የደረሱ ናቸው። በአማርኛ ሲጠየቁ አዲስ ፈተና ይገጥማቸዋል። «ድምፅ ይሰማዎታል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ፣ በደንብ ይሰማኛል» የሚል መልስ የሚሰጥ ሰው ስለ ጆሮው ጤንነት እየነገረን ሊሆን ይችላል። «ሐሳብዎን ሰዎች ያውቁብዎታል?» ሲባል «አዎ፣ ፊቴን አይተው ያውቁብኛል» የምትል እናት ስለ ሐሳብ መሰራጨት ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቿ አስተዋይነት መመስከሯ ነው። «የሚቆጣጠርዎ ኃይል አለ?» የሚለውንም አማኝ የሆነ ሰው ሁሉ «አዎ» ብሎ ቢመልሰው ሊያስደንቀን አይገባም። በመጠይቁ ላይ የሚደረገው የ«አዎ» ምልክት የሕመም ምልክት አይደለም፤ ምልክት የሚሆነው ሕመምተኛው በራሱ ቃል ምሳሌ ሲሰጥበት ነው። ስለዚህ «እስኪ መጨረሻ የሆነበትን ቀን ይንገሩኝ፤ የት ነበሩ? ነቅተው ነበር? አጠገብዎ የነበረውስ ሰው ሰምቷል?» ብሎ መከታተል ግዴታ ነው። በእንቅልፍ መግቢያ ላይ ስሙ ሲጠራ የሰማ ሰውና ቀኑን ሙሉ ድርጊቱ የሚዘገብበት ሰው ሁለት ናቸው።

የእምነት ጉዳይም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። መተት ተደርጎብኛል፣ ቡዳ በልቶኛል፣ ዛር ሰፍሮብኛል የሚል አባባል በአካባቢው ሰዎች ዘንድ የታወቀ የማስረጃ መንገድ ከሆነ፣ ብቻውን የተሳሳተ ጽኑ እምነት ሊባል አይችልም። በአንጻሩ «የባህል ነገር ነው» ብሎ ማለፍም እኩል ስሕተት ነው። ወሳኙ ጥያቄ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነገሩን እንዴት ያዩታል የሚለው ነው። እነርሱም በመተት የሚያምኑ ሆነው ሳለ «ይህ ግን ከወትሮው ያለፈ ነው፤ እርሱ እንዲህ አልነበረም» ካሉ ምስክርነታቸው ከባድ ነው። በቅርብ የሞተበትን ሰው ድምፅ በሐዘን ወራት የሚሰማ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው የሚያጽናናው እንጂ መርፌ አይደለም።

በአገራችን የተደረገው የቡታጅራ ጥናት በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2003 በታተመው ዘገባ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጣርተው 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ተለይቷል። አጥኚዎቹ በመጠይቁ «አዎ» የተባለለትን ሁሉ በቀጥታ አልቆጠሩም። ቤት ለቤት ከተደረገው መጠይቅ ጎን ለጎን አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችን ጠቋሚነት ተጠቀሙ፤ የተጠረጠሩትንም ሰዎች በሠለጠኑ ባለሙያዎች በጥልቅ ቃለ ምልልስ አስመረመሩ። ማጣሪያው ለመጠርጠር፣ ምርመራው ለመወሰን ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ለጥናት ብቻ ሳይሆን ለጤና ጣቢያም ይሠራል።

ምልክትን መናቅም መፍትሔ አይደለም

ከዚህ ትችት ተነስቶ ምልክት ዋጋ የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ አይጠፋም። እንዲህ ያሉ ወገኖች ዴቪድ ሮዘንሐን በ1973 ያሳተመውን ጽሑፍ ዘወትር ይጠቅሳሉ። በጽሑፉ እንደተባለው ጤነኛ የሆኑ 8 ሰዎች ድምፅ እንሰማለን ብለው 12 ሆስፒታሎች ቀርበው በሁሉም ተኝተዋል። ይሁንና በ2019 ጋዜጠኛ ሱዛና ካሃላን ባሳተመችው ምርመራ፣ የሮዘንሐን የራሱ የሕክምና መዝገብ ጽሑፉ ከሚለው የከበዱ ምልክቶችን ማውራቱን እንደሚያሳይ፣ ከሌሎቹም ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ሊገኙ እንዳልቻሉ አስረድታለች። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ጽኑ ማስረጃ መጥቀስ ከእንግዲህ አይቻልም። በአንድ ምልክት መፍረድን የምንተች ከሆነ በአንድ አጠራጣሪ ጽሑፍም ልንፈርድ አይገባም።

ምልክቶችን ቆጥሮ መደመር ብቻም አያድንም። በዲ.ኤስ.ኤም-5 መሠረት ድብርት ለመባል ከ9 ምልክቶች 5ቱ፣ ከእነርሱም መካከል የከፋ ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት፣ መገኘት አለባቸው። በ2015 ፍሪድና ነሲ ድብርት ያለባቸውን 3,703 ሰዎች መረጃ ሲመረምሩ 1,030 የተለያዩ የምልክት ስብስቦችን አግኝተዋል። አንዱ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላው አብዝቶ ይተኛል፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ብላ የመጣች ሴት ደግሞ ሐዘን የሚለውን ቃል ሳትጠራ ልትሄድ ትችላለች። ድምሩ ስሙን ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ምን እንደሚደረግ የሚነግረን ግን እያንዳንዱ ምልክት ነው።

በተጨማሪም ስም ሳይሰጡ በራሳቸው እርምጃ የሚያስወስዱ ምልክቶች አሉ። ራስን የመግደል ሐሳብ በየትኛውም በሽታ ውስጥ ቢገኝ፣ ዳያግኖሲሱ እስኪጣራ የማይቆይ አስቸኳይ ጉዳይ ነው። የኅሊና መዛባት ከታየ ከሁሉ በፊት አካልን መመርመር ያስፈልጋል። ሰውነቱ ደርቆ፣ መብላትና መናገር ያቆመ የካታቶኒያ ሕመምተኛም የበሽታው ምንጭ ሳይታወቅ እንኳ እንደ ሎራዜፓም ወይም ዲያዜፓም ባለ መድኃኒት ሊረዳ ይችላል። አንድ ምልክት «አሁኑኑ ተንቀሳቀስ» ሊለን ይችላል፤ «በሽታው ይህ ነው» ለማለት ግን ተባባሪ ምስክሮች ያስፈልጉታል።

ተባባሪዎቹ ምስክሮች

ከዚህ በመነሳት፣ አንድ አስደንጋጭ ምልክት ሲያጋጥም ቢያንስ አምስት ጉዳዮችን ማጣራት ይገባል።

አንደኛው አካል ነው። ትኩሳት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ንቃት አለ? የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ባዘጋጀውና ሁለተኛው እትም በ2016 በወጣው የኤም.ኤች.ጋፕ መመሪያ፣ የሳይኮሲስ ምርመራ የሚጀምረው ምልክቱን ሌላ ሕመም ያመጣው እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

ሁለተኛው የሚወሰደው ነገር ነው። ጫትና አልኮል መጠየቃቸው የተለመደ ሲሆን፣ መድኃኒቶች ግን ይዘነጋሉ። ለቲቢ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ፣ ስቴሮይድ፣ እንዲሁም ዶሉቴግራቪር ከመተካቱ በፊት ለኤች.አይ.ቪ በሰፊው ይሰጥ የነበረው ኢፋቪሬንዝ የሳይኮሲስ ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ስሜት ነው። ድምፁ የተሰማው እንቅልፍ ሳያስፈልገው በጉልበት፣ በወሬና በገንዘብ መበተን በተጥለቀለቀ ሰሞን ነው? ወይስ ከባድ ሐዘንና ራስን መውቀስ በነበረበት ጊዜ?

አራተኛው ጊዜ ነው። መቼ ጀመረ? ቤተሰቡ ወደ ጸበል ከመውሰዱ በፊት ምን ይመስል ነበር? በመካከል ሙሉ በሙሉ የዳነበት ወቅት ነበር? ተመላልሶ የሚድን ሕመም ከማያቋርጥ ሕመም የሚለየው በአንድ ቀን ምርመራ ሳይሆን በታሪኩ ነው።

አምስተኛው ኑሮ ነው። ከእርሻው፣ ከትምህርቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ሆነ?

ማጠቃለያ

የሽናይደር ዝርዝር ሕመምተኛን በጥሞና መጠየቅን አስተምሮናል፤ ይህን ትምህርት ልንጥለው አይገባም። ሊጣል የሚገባው አንዱን ምልክት አግኝቶ መጠየቅን የማቆም ልማድ ነው። ለዚህ አንድ ቀላል የአጻጻፍ ለውጥ ብዙ ይረዳል። በካርዱ ላይ «ድምፅ ይሰማል፤ ስኪዞፍሬኒያ» ብሎ ከመቋጨት ይልቅ፣ ሕመምተኛው የተናገረውን በራሱ ቃል መጻፍ፤ ከአምስቱ ጉዳዮች የተገኘውንና ያልተጣራውን መለየት፤ ዳያግኖሲሱ ጊዜያዊ ከሆነም «ጊዜያዊ» ብሎ የሚከለስበትን ቀን መመዝገብ። ይህ በተራ ስክሪብቶ የሚሠራ ሥራ ነው። የሚቀጥለው ባለሙያ ካርዱን ሲከፍት የሚያገኘው የተዘጋ ፍርድ ከሆነ መርፌውን ይቀጥላል፤ የሚያገኘው የምስክሮች ቃል ከሆነ ግን እንደገና ይመረምራል። በባለሙያ እጥረት ምክንያት አንድ ሰው የተሰጠውን ስም ለዓመታት ተሸክሞ በሚኖርበት አገር፣ ለሕመምተኛው ዳግመኛ የመመርመር ዕድሉን የሚጠብቅለት ይኸው ካርድ ነው።